በሬው፣ ክብሪቷና ግራ ዓይንህ

ውድ አባዬ፣

"ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ" ብዬ አልጀምርም። ጤናህን ቤቷ ያረፍክባት እህቴ እትዬ በየቀኑ እየደወለች ትነግረኛለች፤ ክንድህ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ምሳህን እንደጨረስክና እንዳልጨረስክ፣ ትከሻህን ከሚያሠራህ ልጅ ጋር ስንቴ እንደተኳረፍክ ጭምር። "እኛም ደህና ነን" አልልህም። እማዬ አንተን ከመጠበቅ ብዛት ባየችው ሰው ሁሉ ላይ ትነጫነጫለች፤ እኔ ደግሞ ተቆጥቻለሁ። በማን ብትለኝ ባንተ። መቼም "ፍላሽ" ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተው ነህ፣ ቶሎ በርታ ቶሎ ትጠፋለች ብለህ። እስክጠፋ ድረስ ታገሰኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ይህን ደብዳቤ በማንም አታስነብብ። እትዬ እጅህ ላይ አስቀምጣ፣ ልጇን ይዛ፣ በሩን ዘግታ እንድትወጣ አስምያታለሁ። መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ቁጭ በል፣ መነጽርህን አድርግ፣ ቀስ እያልክ አንብበኝ። የሚያሯሩጥህ የለም።

ጎማው ዕቃህን አድርሶልኛል። ያንን የሚያህል የጭነት መኪና የሚነዳ ወንድሜ አንዲት ትንሽ ካርቶን ከጎኑ ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ቀበቶ አስሮላት ነው የመጣው። ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሞ "አባዬ መልስላት ብሎኛል" አለኝና ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ጫማውን ማየት ጀመረ። ሳልከፍታት አወቅኳት። ትከሻህን ኦፕራሲዮን የሆንክ ሰሞን ሐኪሙ "ከእንግዲህ ከባድ ነገር አንገትዎ ላይ እንዳያንጠለጥሉ" ሲልህ፣ "በሬው" የምትለው ትልቁ ካሜራህ እኔ ጋ ቀርቶ፣ ያቺን ኪስ የምትገባ ካሜራ የገዛሁልህ እኔ ነኝ፤ "ክብሪት" ያልካት አንተ ነህ። ማሰሪያዋን እንደመጣችበት ጠቅልለህ፣ ላስቲኳን መልሰህ አልብሰህ ነው የላክሃት። መልእክትህም ደርሶኛል፦ "በሬውንና ክብሪቷን ጎን ለጎን ታስቀምጣቸውና፣ የትኛው ካሜራ እንደሆነ ራሷ ትጻፍልኝ።"

እሺ። አስቀመጥኳቸው፣ አየኋቸው፣ ይኸው እየጻፍኩልህ ነው።

ግን ከማወዳደሬ በፊት ሆዴ ውስጥ ያለውን ላውጣ፤ ይዤው መጻፍ አልቻልኩም። ክብሪቷን የመለስካት ስለናቅሃት አይደለም። ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብለህ ስለፈራህ ነው። እትዬን አትቆጣት፣ ከእኔ ሌላ ለማን ትንገር? በመጀመሪያው ሳምንት የልጅ ልጅህን በክብሪቷ ስታነሳት እንደዋልክ፣ ከዚያ ፎቶዎቹን አንድ ባንድ አይተህ ካሜራዋን እንዳጠፋሃት ነግራኛለች። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ እንዳልገለጥክ፣ ርዕሱን ሕፃኗ እየተንተባተበች እንድታነብልህ እያደረግክ "ንባብ ላለማምዳት ብዬ ነው" እንደምትል፣ ደረጃ ስትወርድ ግድግዳውን እንደምትዳብስ ነግራኛለች። የዓይን ሐኪሙ ክፍል ከትከሻህ ሐኪም አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ፣ በዚያ በር ላለማለፍ በጓሮ ደረጃ እንደምትወጣም ታውቃለች። ነርስ ናት እኮ አባዬ፣ ምን ይደበቃታል።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ማለት ተወ አለችኝ። አንተ እኮ ፎቶው ነገ ይደርሳል ብለህ በዓይንህ፣ ሻዬ ውስጥ ስኳር አልጨመርኩም ብለህ በዓይንህ የምትምል ሰው ነህ። እማዬ "ተው ባንዷ ዓይንህ አትማል፣ መለዋወጫ የላትም" እያለች ስንት ዘመን ስትቆጣህ ኖረች። አሁን "እውነቴን ነው" ብቻ ትላለህ አሉ። ይህን ስሰማ ስልኩን እንደያዝኩ ባንኮኒው ላይ ቁጭ አልኩ። ለካ ሰው መማል የሚተወው ለሚምልበት ነገር ሲፈራለት ነው።

ቀኝ ዓይንህ ከልጅነትህ ጀምሮ ብርሃንና ጥላ ከመለየት ያለፈ እንደማታይ ከቤተሰቡ በቀር የሚያውቅ የለም። ደንበኛው ሁሉ ግራ ዓይንህን ካሜራው ላይ ስትለጥፍ የሙያ ምስጢር ይመስለው ነበር። ያ ከወንዙ ማዶ ፎቶ ቤት የነበረው ሰውዬ አንተን አይቶ በግራ ማንሳት ጀምሮ፣ የሰው ሁሉ ጭንቅላት ሲቆርጥ እንደከረመ ታስታውሳለህ? በሳቅ ሞተን ነበር። እና ያቺ ግራ ዓይን ከሄደች ምን እንደሚቀርህ አውቃለሁ። ትከሻህ ከዳነ በኋላም "ትንሽ ልሰንብት" እያልክ ከቤትህ የቀረኸው፣ እማዬ እንዳታውቅብህ ብለህ መሆኑም ገብቶኛል። ስለዚህ ይህን የካሜራ ወሬ ብቻ ነው ብለህ እንዳትዘለው።

አሁን ወደ ፍርዱ።

ሁለቱን ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በሬው ጣቶችህ በሚያርፉበት ቦታ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ወጥቷል፤ መያዣው ላስቲክ ለቆ አንተ በጫማ ማስቲሽ የለጠፍከው እንዳለ ነው። ክብሪቷ ከጎኑ ስትቀመጥ ጎረምሳ ትከሻ ሥር የተወሸቀች ሕፃን ትመስላለች። እማዬ ምሳ ልታደርስልኝ መጥታ አየቻቸውና "ይቺ ደግሞ የሱ ልጅ ናት?" አለች። አዎ አልኳት፣ አባቷ ግን አልቀበልም ብሏል።

በክብደት እንጀምር። የማታ ተማሪዎቹን ምርቃት በበሬው አንስቻለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ አንገቴ ላይ ዋለ፤ ቤት ስገባ ፀጉሬን ላበጥር እጄን ባነሳ እምቢ አለኝ። እማዬ አበጠረችልኝ፣ እንደ ሕፃንነቴ። ያን ጊዜ ነው አንተ ስንት ዓመት ሙሉ ምን ተሸክመህ እንደኖርክ የገባኝ። እኛ "አባዬ ዛሬም አኩርፏል" እንል ነበር፤ ለካ ትከሻህን እያመመህ ነው። በነጋታው ክብሪቷን ኪሴ ከትቼ ገበያ ሄጄ ብመለስ፣ መኖሯን ያወቅኩት ቁልፌን ስፈልግ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ክብሪቷ አሸንፋለች።

በብርሃን ግን፣ አባዬ፣ ካፍህ ማር ይፍሰስ። "ብርሃን እንደ ዝናብ ነው፤ በሳፋ የተቀበለና በብርጭቆ የተቀበለ እኩል አይጠጣም" ትለኝ የነበረው እውነት ነው። የምርቃቱ አዳራሽ እንደምታውቀው ግማሽ አምፖሉ ተቃጥሏል። በሬው ያንን ሁሉ ጨለማ ጠጥቶ የተመራቂዎቹን ፊት ለስላሳ አድርጎ አወጣልኝ። ክብሪቷ እዚያው ቆማ ያነሳችው ፎቶ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በሬው ከሷ ስንትና ስንት ዓመት ይበልጣል፤ በካርቶኗ ላይ የተጻፈው የሜጋፒክሴል ቁጥር ደግሞ ከሱ በእጥፍ ይልቃል። አንተ ግን "ቁጥር የሚያነሳ ቢሆን የባንክ ሠራተኛ ሁሉ ፎቶ አንሺ ነበር" ብለህ ነበር። ባትሪዋም ቀን ሳይጋመስ ሞታብኛለች። በሬው ሳይበላ የሚውል እንስሳ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያሳቀኝም ያስለቀሰኝም።

ዳቦ ጋጋሪው ቤተሰቡን ይዞ መጣ፤ ሚስቱ፣ አሮጊት እናቱ፣ ልጆቹ ሁሉ ተለባብሰው። በሬውን ማንሳት ሰልችቶኝ ስለነበር ክብሪቷን ይዤ ቆምኩላቸው። አነሳሁ። ዝም። ደግሜ አነሳሁ። አሁንም ዝም። ያቺ ልጅ ድምፅ የላትም። እነሱ ትንፋሻቸውን ይዘው "ቻክ" የሚለውን ይጠብቃሉ፣ እኔ ማንሳቴን እቀጥላለሁ። ዳቦ ጋጋሪው ጉንጩ እንደራሱ ሊጥ ኩፍ ብሎ ቀላ። በመጨረሻ እናቱ ካለችበት ወንበር ላይ ሆና፣ "ልጄ፣ እያነሳሽን ነው ወይስ እየጸለይሽልን?" አለችኝ።

ፎቶዎቹን ገልጬ ባይ ሁሉም ፊት አንድ ዓይነት ነው፤ የታነቀ ሰው ፊት። ያን ጊዜ ነው የአንተ ሥራ ትዝ ያለኝ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለህ ስትቆጥር ሰምቼህ አላውቅም። መጀመሪያ ውሸቷን ፎቶ ታነሳለህ። በሬው "ቻክ" ይላል፣ ሰዉ "ተነሳን" ብሎ ትንፋሹን ይለቃል፣ ትከሻው ይወርዳል፣ ባል ሚስቱን ዞር ብሎ ያያል፣ ሕፃን አዋቂን አይቶ ይስቃል። ያን ጊዜ እውነቷን ታነሳለህ። ሰው ቤቱ ወስዶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ሁልጊዜ ሁለተኛዋን ነው፤ የመጀመሪያዋን ማንም አይቷት አያውቅም። እኔ ይህን ሳውቅ ኖሬ፣ ውሸቷ ድምፅ እንደሚያስፈልጋት አልገባኝም ነበር። ዳቦ ጋጋሪውን ይቅርታ ጠይቄ ሌላ ቀን እንዲመለስ ነገርኩት። "አባትሽ ሲመጣ እንመጣለን" ብሎኝ ሄደ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነቱን ነው።

ክብሪቷን ግን በዚህ ብቻ አልፈርድባትም። የፎቶ ቤቱ ጣሪያ ላይ ይዣት ወጣሁ። የውሃ ማማው ጫፍ ላይ ያለውን የወፍ ጎጆ ታስታውሰዋለህ፤ እንዴት ትረሳዋለህ! በየዓመቱ በበሬው አንስተህ አንዲት ነጥብ ታሳየንና "ይቺ ወፍ ናት፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ትለን ነበር። ጎማው "አባዬ፣ ይሄ የሌንስ ቆሻሻ ነው" ብሎህ ሳምንት ያህል አኩርፈሃል። የረዥም ሌንሱን ዋጋ ስንሰማ ደግሞ ቤት መሸጥ ሊኖርብን ነው ተባብለን ተውነው። ክብሪቷን ከእጄ ጋር ግድግዳው ላይ ደገፍ አድርጌ ዙሟን ነካሁት። አንገቷን መዘዘች፣ መዘዘች፣ መዘዘች፤ ማማው መጣ፣ ጎጆው መጣ፣ ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው እናታቸው ላይ ሲጮሁ አየኋቸው። ወፍ ነው፣ አባዬ። ነጥቧ እውነትም ወፍ ነበረች። ብቻዬን ጣሪያ ላይ ቆሜ ጮህኩ፤ ልብስ ሰፊዋ ከታች "ምን ሆነሽ ነው?" እስክትለኝ ድረስ። ፎቶውን አሳትሜ ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሃለሁ። ጎጆው ውስጥ ጭራሮ መሃል አንዲት ሰማያዊ ሲባጎ አለች፣ ፈልጋት።

እና አሁን ወደ ዋናው። ክብሪቷን ስትመልሳት ካርዷን አላወጣህም። ያነሳሃቸው ፎቶዎች ሁሉ አሉ።

አንድ ባንድ አይቻቸዋለሁ። የልጅ ልጅህ ፊት ጭጋግ ውስጥ ያለች ይመስላል። እትዬ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ፊቷ የለም። የሆስፒታሉ አትክልተኛ፣ እሱም የለም። አባዬ ይህን አይቶ ነው ካሜራዋን ያጠፋት አልኩ፤ እኔም እንዳንተው አሰብኩ፣ አልዋሽህም። ከዚያ ግን አንድ ነገር ያዝኩ። በልጅቷ ፎቶ ላይ በስተግራ ያለው መጋረጃ፣ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል። በእትዬ ፎቶ ላይ በስተግራ ያለው የበር እጀታ ጥርት ብሏል። በአትክልተኛው ፎቶ ላይ የግራው ዛፍ ቅጠል እንዳለ ነው። ዓይን ቢደክም ሁሉም ነገር ነው የሚደበዝዘው፤ ደግሞስ ፎከሱን የሚይዘው ካሜራው እንጂ የአንተ ዓይን መች ሆነና? ታዲያ ይሄ ካሜራ ምን ቆርጦት ነው መጋረጃ የሚያፈቅረው?

ካሜራዋ ተበላሽታለች ብዬ ቤት ወስጄ እኔ ራሴ አነሳሁባት። አልተበላሸችም፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ወጣ። እማዬ አጠገቤ ሆና ሽንኩርቷን ትልጥ ነበር። ስለ ዓይንህ አልነገርኳትም፣ ግን ያቺ ሴት ሳይነገራት ነው የምታውቀው። እጇን ጠራርጋ ካሜራዋን ተቀበለችኝና አገላበጠቻት። ከኋላዋ፣ ስክሪኗ ላይ፣ በስተግራ፣ ክብ የወዝ ምልክት ነበር። በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ስትል ቆም አለች።

"ይሄ ያባትሽ አፍንጫ ነው።"

ምን ማለትሽ ነው አልኳት። እሷ እቴ! በሬው ቤት ከገባ ጀምሮ ሁልጊዜ ማታ ማታ ከጀርባው ላይ የምትጠርገው ይህንኑ ወዝ መሆኑን ነገረችኝ። ግራ ዓይንህን ስትለጥፍ አፍንጫህ ስክሪኑ ላይ ይተኛል፤ እሷም ትጠርጋለች፤ አንተም በነጋታው መልሰህ ትቀባዋለህ። አንድም ቀን አላወራችሁበትም። "ሌላ ሴት ቢሆን ሊፕስቲክ ነው የሚጠረገው፣ እኔ አፍንጫ" ብላ ሳቀች፤ ከሄድክ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

በሬው ግን ቢቀቡት አይሰማውም። ስክሪኑ ለማየት እንጂ ለመነካት አልተሠራም። ክብሪቷ ደግሞ የዘንድሮ ልጅ ናት፣ ቆዳዋ ስስ ነው። ስክሪኗን የነካሃት ቦታ ላይ ፎከሷን ትወስዳለች፤ ጣት ይሁን አፍንጫ ለሷ ያው ነው። ዓይን የሚለጠፍባት መስኮቷ ከላይ በግራ ጥግ ናት። እኔ በቀኝ ዓይኔ ስለማይ አፍንጫዬ ከካሜራዋ ውጪ ይቀራል። አንተ በግራህ ስታይ አፍንጫህ ቀጥ ብሎ ስክሪኗ ላይ ያርፋል፣ በስተግራ፣ መጋረጃው ካለበት።

ለማረጋገጥ በግራ ዓይኔ ሞከርኩ። አልሆነም፤ የኔ አፍንጫ የእማዬ ነው፣ ካሜራ ላይ አይደርስም። ስለዚህ ያንተን አፍንጫ የወረሰውን ሰው ጠራነው። ጎማው ከመኪናው ሥር በግሪስ ተለውሶ ወጣና "ምን አጠፋሁ?" አለ። ና፣ በግራ ዓይንህ እማዬን አንሳት አልነው። ለጠፈ፣ አነሳ። ብናይ እማዬ ጭጋግ፣ ከጀርባዋ በግራ የተሰቀለው ካላንደር ጥርት! ደግመን ሞከርን፣ ያው። ሦስተኛ ላይ እኔ በጎን አጎንብሼ ስክሪኗን ሳይ፣ ፎከሷን የምታሳየው ቢጫ ካሬ የጎማው አፍንጫ እንደነካት እማዬን ትታ ወደ ካላንደሩ ስትሮጥ አየኋት። በዓይኔ በብረቱ።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ፤ ያንተ ጉድ ከካሜራው ኋላ ነበር። ስንት ዘመን ሙሉ የሠራህበት አቋቋም ነው፣ ዓይን ተለጥፎ አፍንጫ ተጋድሞ። ሌላ ሰው ክብሪቷን እንደ ስልክ ከፊቱ ራቅ አድርጎ ያነሳባታል፤ ምንም አይሆንም። ካሜራን ፊቱ ላይ ሳያስጠጋ ማንሳት የማይሆንለት፣ በግራ ዓይኑም የሚያነሳ፣ እንዲህ ያለ አፍንጫም የታደለ ሰው ያንተን ያህል የለም። እማዬ ተቀምጣ ስትስቅ ስትስቅ ድንገት አለቀሰችና፣ "ለዚህ ነው ቤቱን የጠላው?" አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ይቅር በለኝ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። አልተቆጣችህም። ሽንኩርቷን መልሳ እየላጠች "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ፍርሃት ይዞ ይቀመጣል እዚያ" ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ያንተን ትራስ ልብስ አጠበች።

ክብሪቷን ይኸው መልሼልሃለሁ። ጎማው እንደበፊቱ ቀበቶ አስሮ ያደርሳታል። በአፍንጫ የምትነዳበትን ነገር ዘግቼባታለሁ፤ ከእንግዲህ አፍንጫህን እስክትጠግብ ድረስ ለጥፍባት። መጀመሪያ የልጅ ልጅህን አንሳት። መጋረጃው ደብዝዞ እሷ ከጠራች የነገርኩህ ሁሉ እውነት ነው። ዓይን ሐኪሙ ጋ አትሂድ አላልኩም፤ ሂድ፣ መታየት ክፉ አይደለም፣ ባንድ ዓይን ለሚኖር ሰው ደግሞ ግዴታ ነው። ግን እንደተፈረደበት ሰው በጓሮ ደረጃ ሳይሆን በፊት ለፊቱ ሂድ። ያ ፎቶ ማስረጃ አይሆንብህም፤ መስካሪው አፍንጫህ ነበር።

የትኛው ካሜራ ነው ላልከኝ ደግሞ መልሴ ይሄውልህ። ዳቦ ጋጋሪው ቤተሰቡን ይዞ ይመለሳል። በሬውን እኔ እሸከማለሁ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ውሸቷን እኔ አነሳለሁ። አንተ መብራቱ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ክብሪቷን ይዘህ ዘና ብለህ ትቀመጣለህ። በሬው "ቻክ" ሲል ሁሉም ወደ እኔ ይተነፍሳሉ፣ ማንም ወደ አንተ አያይም፣ ያን ጊዜ እውነቷን አንተ ትወስዳታለህ። መብራቱን እስኪበቃህ አበራልሃለሁ፣ አሸዋ እንዳይበተንብህ። በሬው ድምፁን ይስጠን፣ ክብሪቷ ዝምታዋን፣ አንተ ዓይንህን። ሥራው እንዲህ ካልሆነ እኔ ብቻዬን አልችለውም፤ ይህን ስልህ ላባብልህ አይደለም። ፎቶ ቤቱ ካለ አንተ ቀዝቅዞብኛል። ሰዉ "አባትሽስ?" ሲለኝ "ይመጣል" እላለሁ፣ ከዚያ ጓዳ ገብቼ ትንሽ እቆያለሁ። ናፍቀኸኛል አባዬ። ጎማው ሲመለስ አብረኸው ና፣ ከፊት ያለውን ወንበር ለቅቄልሃለሁ ብሏል።

ልሰናበትህ ነው። ከመፈረሜ በፊት ግን ይህን ወረቀት አንዴ ራቅ አድርገህ እየው። ጽሕፈቱን ታውቀዋለህ፤ "ጉንዳን ቀለም ረግጣ የሄደችበት ነው፣ አተልቂ" እያልክ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ስትቆጣኝ የኖርክበት የኔው ጽሕፈት ነው። እንደውም ወረቀት ለመቆጠብ ከወትሮው አሳንሼዋለሁ። እትዬ በስልክ "አተልቀሽ ጻፊለት፣ አለዚያ እኔ ላንብብለት" ብላ ለምናኝ ነበር፤ እምቢ አልኳት። ያቺን ሰማያዊ ሲባጎም ሳታገኛት አልቀረህም።

እና አባዬ፣ እዚህ ድረስ ያነበብከኝ በየትኛው ዓይንህ ነው?

በርታም ጠፍታም የምትወድህ፣
ፍላሽህ